የነርሲንግ ሆም የፍተሻ ሪፖርት አነባበብ፦ እናትዎን ወይም አባትዎን ከማስገባትዎ በፊት

«ድረ ገጹ ላይ አራት ኮከብ አለው፤ እናቴን ላስገባት?» ይህ ጥያቄ አሜሪካ ካሉ አንባቢዎች በየጊዜው ይደርሰናል። ኮከቡ ብቻውን አይመልሰውም። የሚመልሰው ስቴቱ የላካቸው ኢንስፔክተሮች ሕንጻው ውስጥ ቀናት አሳልፈው የጻፉት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ለማንም ክፍት ነው፣ በነጻም ይገኛል። ግን በኮድና በፊደል የተሞላ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ይዘጋዋል። ከዚህ በታች ሪፖርቱን ከየት እንደሚያገኙ፣ እንዴት እንደሚያነቡት፣ ያነበቡትንም ሕንጻው ውስጥ በዓይንዎ እንዴት እንደሚያረጋግጡ በቅደም ተከተል አስቀምጠናል።

መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ። መመሪያው የሚሠራው ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው) ለሚቀበሉ ነርሲንግ ሆሞች ነው። አሲስትድ ሊቪንግና ግሩፕ ሆም (ቀለል ያለ እርዳታ የሚሰጥባቸው መኖሪያዎች) በፌዴራሉ ፍተሻ ሥር አይደሉም፤ ደንባቸውም ሪፖርታቸውም በየስቴቱ ይለያያል። አንዳንድ ግቢ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ስም ይዞ ስለሚሠራ «ወላጄ የሚገባበት ክፍል በየትኛው ፈቃድ ነው የሚሠራው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ሳይለዩ ሪፖርት ማንበብ የሌላ ቤት ሪፖርት ማንበብ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር። በስልክም ይቻላል፤ ግን ሪፖርቱ ብዙ ገጽ ስለሚሆን ዓይን ያደክማል።
- የሦስት ወይም አራት ነርሲንግ ሆሞች ሙሉ ስምና አድራሻ።
- ደብተር፤ ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ገጽ።
- የወላጅዎ ሁኔታ በአጭሩ የተጻፈበት ወረቀት፦ ይራመዳሉ? ብቻቸውን ይበላሉ? ሲውጡ ያንቃቸዋል? ስኳር አለባቸው? ይረሳሉ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከሪፖርቱ የትኛውን ክፍል በጥንቃቄ እንደሚያነቡ የሚወስነው ይህ ወረቀት ነው።
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፤ የስልክዎ ይበቃል።

1. ቤቱን ኬር ኮምፔር ላይ ያግኙ

ኬር ኮምፔር በሜዲኬር ድረ ገጽ ውስጥ ያለ መፈለጊያ ነው። ስሙን ብቻ ሳይሆን አድራሻውንም ያመሳክሩ። የነርሲንግ ሆሞች ስም እርስ በርስ ይመሳሰላል፤ ባለቤት ሲቀየር ስምም አብሮ ይቀየራል። ከስሙ ይልቅ የሚታመነው ሜዲኬር ለቤቱ የሰጠው ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው። ደብተርዎ ላይ ይጻፉት።

ከስሙ አጠገብ ሁለት ምልክቶች ካሉ ይመልከቱ። በቀይ ክብ ውስጥ ያለ እጅ ማለት ቤቱ ነዋሪን ከማጎሳቆል ጋር በተያያዘ ተከሶ ጥፋቱ በፍተሻ ተረጋግጧል ማለት ነው። ባለ ቃለ አጋኖው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ደግሞ ቤቱ ለዓመታት ከባድ ጉድለት ስላሳየ በልዩ ክትትል ሥር ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት እንደ ሌሎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ሳይሆን በየስድስት ወሩ ይፈተሻል። ከሁለቱ አንዱን ካዩና ሌላ አማራጭ ካለዎት ወደ ሌላው ይለፉ። አማራጭ ከሌለዎት ደረጃ 5ን እና 6ን ሳይዘሉ ያንብቡ።

2. ኮከቡን ፈታተው ያንብቡ

ጠቅላላው ኮከብ ከሦስት ነገር የተሠራ ነው፦ ከፍተሻ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከጥራት መለኪያ። ሦስቱ እኩል አይታመኑም። ፍተሻው ከውጭ የመጡ ሰዎች ያዩት ነው። የሠራተኛው ቁጥር የሚመጣው ከደመወዝ መዝገብ ነው። የጥራት መለኪያው ግን በአብዛኛው ቤቱ ራሱ ስለ ነዋሪዎቹ ሞልቶ ከሚልከው ቅጽ ይወጣል።

ስሌቱ ከፍተሻው ኮከብ ይጀምራል። የሠራተኛ ኮከቡ አምስት ከሆነ አንድ ይጨመራል፣ አንድ ከሆነ አንድ ይቀነሳል፤ የጥራት መለኪያውም እንዲሁ። ስለዚህ በፍተሻ ሁለት ኮከብ ያገኘ ቤት በሌሎቹ ሁለት አምስት አምስት ካመጣ ጠቅላላው አራት ይሆናል። ከላይ የተጠየቀው «አራት ኮከብ» እንዲህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደብተርዎ ላይ ሦስቱንም ለየብቻ ይጻፉ፤ ጠቅላላውን ባይጽፉትም ችግር የለውም።

የፍተሻ ኮከብ የሚሰጠው በዚያው ስቴት ካሉ ቤቶች ጋር በማነጻጸር ነው። ከላይ ያሉት 10 በመቶ አምስት ኮከብ፣ ከታች ያሉት 20 በመቶ አንድ ኮከብ ያገኛሉ። የሜሪላንድን ቤት ከቨርጂንያ ቤት ጋር በኮከብ ማወዳደር የማያስኬደው ለዚህ ነው።

በሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ቁጥሮችን ይውሰዱ፦ ለአንድ ነዋሪ በቀን የሚደርሰው የአርኤን (ከፍተኛ ፈቃድ ያላት ነርስ) ሰዓት፣ የቅዳሜና እሁድ ሰዓት፣ በዓመት ውስጥ ሥራ የለቀቀው ሠራተኛ መቶኛ። የስቴቱ አማካይ ከጎናቸው ተጽፏል። የሳምንቱ ቁጥር ጥሩ ሆኖ የቅዳሜና እሁዱ በጣም ከወረደ የሚጎበኙበትን ቀን አሁኑኑ ይወስኑ፤ እሁድ ይሂዱ።

3. ሙሉውን ሪፖርት ያውርዱ

በፍተሻው ክፍል ውስጥ ሙሉ ሪፖርቱን የሚከፍት ማያያዣ አለ። የቅጹ ቁጥር 2567 ነው፤ ቤቱ ውስጥም «2567ቱን አሳዩኝ» ካሉ ወዲያው ይገባቸዋል። ሁለት ዓይነት ሪፖርት ያገኛሉ፤ ሁለቱንም ያውርዱ።

መደበኛው ፍተሻ ሳይነገር በድንገት የሚደረግና ሁሉንም የሚያይ ነው። ለአንድ ቤት በሁለት መደበኛ ፍተሻዎች መካከል ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። የመጨረሻው ቀን ከዚያ ካለፈ ስቴቱ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ያረጀውን መደበኛ ሪፖርት ብዙ አይደገፉበት።

የአቤቱታ ፍተሻ ሰው ከስሶ የተደረገ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ሊዘለል ግን አይገባም። ቤቱ ለመደበኛው ፍተሻ ጊዜው ሲደርስ ይጠብቃል፣ ይዘጋጃል። የአቤቱታው ፍተሻ የሚያገኘው ግን የተለመደውን ቀን ነው።

የእሳት አደጋ ፍተሻ ለብቻው ተቀምጧል። በሮች ይዘጋሉ ወይ፣ ውኃ ረጪው ይሠራል ወይ የሚለውን በፍጥነት ይዩትና ይለፉ።

ድረ ገጹ የማይሠራልዎ ከሆነ ወደ ቤቱ ይሂዱ። የመጨረሻውን ፍተሻ ውጤት ነዋሪውም ጎብኚውም ማንንም ሳይጠይቅ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው አጠገብ በማኅደር ተቀምጦ ይገኛል። ያለፉትን 3 ዓመታት ደግሞ ሲጠየቁ ማሳየት አለባቸው። ማኅደሩ ከጠፋ፣ ወይም «ቢሮ ነው ያለው፣ ነገ ይመለሱ» ካሉዎት፣ ይህም መረጃ ነውና ይጻፉት።

4. የጉድለቱን ክብደትና ስፋት ይለዩ

እያንዳንዱ ጉድለት ሁለት ነገር ይለካለታል፦ ምን ያህል ጎዳ፣ ስንት ሰው ነካ። ሁለቱ ተጣምረው ከኤ እስከ ኤል ባለ አንድ ፊደል ይገለጻሉ።

- ኤ፣ ቢ፣ ሲ፦ ማንንም አልጎዳም፤ ቢጎዳም በጥቂቱ ነው።
- ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፦ ገና አልጎዳም፤ ግን ከጥቂት በላይ ሊጎዳ ይችል ነበር።
- ጂ፣ ኤች፣ አይ፦ ነዋሪ ላይ ጉዳት ደርሷል።
- ጄ፣ ኬ፣ ኤል፦ ሕይወትን ወይም ጤናን ወዲያው ለከባድ አደጋ የሚያጋልጥ።

በየረድፉ የመጀመሪያው ፊደል አንድ ወይም ጥቂት ሰው ነካ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ተደጋግሞ ታየ፤ ሦስተኛው ቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ፊደሉን የሚያገኙት ስቴቱ በሚያወጣው ወይም ቤቱ ባስቀመጠው ቅጂ ላይ ነው። ከኬር ኮምፔር የሚወርደው ቅጂ ፊደሉን ትቶ ጉዳቱን በቃላት ይገልጻል፤ የተነኩትንም «ጥቂት»፣ «አንዳንድ»፣ «ብዙ» በሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ያስቀምጣል። ሦስቱ ቃላት በቅደም ተከተል ከሦስቱ ፊደላት ጋር ይገጥማሉ።

እዚህ ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ዲ አይቶ ይደነግጣል። ዲ በብዛት የሚሰጥ ደረጃ ነው፤ ጥሩ በሚባል ቤትም ጥቂት አይጠፋም። ሌላው የጉድለቱን ብዛት ብቻ ይቆጥራል። አሥራ ሁለት ዲ ካለው ቤት አንድ ጂ ያለው ቤት የበለጠ ሊያሳስብዎት ይችላል፤ ጂ ላይ አንድ ሰው ተጎድቷልና። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን መደጋገም ነው። አንድ ዓይነት ጉድለት በተከታታይ ሁለት ወይም ሦስት ፍተሻ ከተመዘገበ፣ ፊደሉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ቤቱ ችግሩን መፍታት አልቻለም ወይም አልፈለገም።

5. ለወላጅዎ የሚመለከተውን ኮድ ይምረጡ

ጉድለቶቹ በኤፍና በሦስት አኃዝ ይጠራሉ፤ ይህ ኤፍ ከላይ ካየነው የክብደት ፊደል የተለየ ነው። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ያዘጋጁትን ወረቀት አጠገብዎ አድርገው ከሚከተሉት የሚመለከትዎትን ይፈልጉ።

ኤፍ 686፣ የአልጋ ቁስል። ወላጅዎ ራሳቸውን ማገላበጥ ካልቻሉ መጀመሪያ የሚነበበው ይህ ነው። ኢንስፔክተሩ ምን እንዳገኘ ይዩ፦ በዕቅዱ መሠረት አላገላበጡም? ቁስሉን በየሳምንቱ አልለኩም? ተረከዝ ፍራሹ ላይ አርፎ ተገኘ? የአየር ፍራሹ ለነዋሪው ክብደት አልተስተካከለም? የመጨረሻው በብዛት የሚጻፍ ነው። 120 ፓውንድ ለምትመዝን ሴት ፍራሹ 300 ላይ ከተሞላ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ መከላከሉ ቀርቶ ራሱ ያቆስላል።

የቆዳችን ቀለም እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ነርሶች የአልጋ ቁስል የመጀመሪያው ደረጃ ምልክት ሲጫኑት ነጭ የማይሆን ቅላት ነው ተብለው ይማራሉ፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ አይታይም። ቦታው ከአካባቢው ይልቅ መጥቆሩን፣ መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን፣ መጠጠሩን ወይም መለስለሱን በእጅ ነክቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የመጀመሪያውን ደረጃ እንዴት ነው የምትለዩት?» ብለው ነርሷን ይጠይቁ። መልሱ ብዙ ይነግርዎታል።

ኤፍ 689፣ አደጋና መውደቅ። በብዛት ከሚጻፉት አንዱ ነው። ዕቅዱ ሁለት ሰው ያንሳ እያለ አንድ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ብቻዋን በሆየር ሊፍት (ሰው ከአልጋ የሚያነሳ መሣሪያ) ማንሳቷ፣ የዊልቼር ፍሬን አለመያዙ፣ የጥሪ ደወሉ መሬት ላይ መውደቁ፣ የሚረሳ ነዋሪ ሳይታይ ከቤት መውጣቱ እዚህ ይገባል። የሙቅ ውኃ ጉዳይም እዚሁ ነው። በ120 ዲግሪ ፋራናይት ውኃ ቆዳ በአምስት ደቂቃ ከባድ ቃጠሎ ይደርስበታል፤ በ140 ግን አምስት ሰከንድ ይበቃል። ስኳር ያለበት ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው ማቃጠሉን ላያውቀው ይችላል።

ኤፍ 692፣ ምግብና ፈሳሽ። ጉልህ የክብደት መቀነስ የሚባለው በአንድ ወር 5 በመቶ፣ በሦስት ወር 7.5 በመቶ፣ በስድስት ወር 10 በመቶ ሲደርስ ነው። 130 ፓውንድ የነበሩ እናት በወር 6.5 ፓውንድ ከቀነሱ ሐኪምና የምግብ ባለሙያ ማየት አለባቸው። ሪፖርቱ ላይ የሚፈልጉት ክብደቱ መቀነሱን ብቻ አይደለም፤ ማንም ሳያየው ስንት ሳምንት እንደቆየ ነው።

ኤፍ 759 እና 760፣ የመድኃኒት ስህተት። ኢንስፔክተሩ ነርሷ መድኃኒት ስትሰጥ ቆሞ ቢያንስ 25 ጊዜ ይቆጥራል። ስህተቱ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 759 ይመዘገባል። 760 አንድም ቢሆን ከባድ ስህተት ሲገኝ ነው። መፈጨት የሌለበትን ቀስ ብሎ የሚለቅ ክኒን ፈጭቶ መስጠት የተለመደ ግኝት ነው። መዋጥ የሚቸገር ወላጅ ካለዎት ይህን ልብ ይበሉ።

ኤፍ 880 ኢንፌክሽን መከላከል ነው። ጓንት አውልቆ እጅ አለመታጠብ ዓይነቱ በጣም ብዙ ቤት ላይ ይመዘገባል፤ ከባድ ፊደል ከሌለው ብቻውን አያስጥልዎት። ኤፍ 725 የነርስና የረዳት ማነስ ነው። ኤፍ 605፣ በቀድሞ ሪፖርቶች ደግሞ 758ም፣ ሰውን ለማደንዘዝ የሚሰጥ መድኃኒትን ይመለከታል፤ የሚረሳና የሚጮህ ወላጅ ያለው ሰው አይዝለለው።

ኤፍ 600፣ 609 እና 610 አብረው ይነበባሉ። የመጀመሪያው ማጎሳቆልና ቸልታ፣ ሁለተኛው አለማሳወቅ፣ ሦስተኛው አለመመርመር ነው። ማጎሳቆል ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሲጠረጠር ቤቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ አለበት። 600 ብቻውን ከሆነ አንድ ክፉ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። 609 እና 610 ከተከተሉት ግን አለቆቹም ደብቀዋል ወይም ዝም ብለዋል።

6. ታሪኩን፣ ከዚያም የማስተካከያ ዕቅዱን ያንብቡ

ከኮዱ ሥር ኢንስፔክተሩ ያየው በቀንና በሰዓት ተጽፏል። ነዋሪዎችና ሠራተኞች በቁጥር ወይም በፊደል ነው የሚጠሩት። ሦስት ነገር አስምረው ያንብቡ፦ ሰዓቱ መቼ ነበር? የትኛው ክፍል ወይም ፎቅ ነበር? ሠራተኛው ሲጠየቅ ምን አለ? «አላወቅሁም ነበር» የሥልጠና ችግር ነው። «ዛሬ ሁለት ብቻ ነን» የሰው ማነስ ነው፤ ስብሰባ ተጠርቶ ትምህርት በመስጠት አይፈታም።

ቤቱ ሪፖርቱ በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ የማስተካከያ ዕቅድ ያቀርባል። ኬር ኮምፔር ላይ ዕቅዱ ስለማይገኝ ከቤቱ ወይም ከስቴቱ ይጠይቁ። ዕቅዱ አራት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ለተጎዳው ነዋሪ ምን ተደረገ? ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሌሎች እንዴት ተለዩ? አሠራሩ ላይ ምን ተቀየረ? መሻሻሉን ማን፣ በየስንት ጊዜው ያያል? «ሠራተኞች በድጋሚ ሥልጠና ወስደዋል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ዕቅድ ካዩ፣ የቀጣዩን ዓመት ሪፖርት ከፍተው ያው ኮድ ተመልሶ እንደሆነ ያረጋግጡ።

7. ሁለት ጊዜ ይጎብኙ

አንዱን በቀጠሮ፣ ሌላውን ሳይናገሩ። ሁለተኛው ጉብኝት ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ በእራት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ያን ጊዜ አስተዳደሩ የለም፣ ሠራተኛው ያንሳል፣ ሥራው ይበዛል። ኢንስፔክተሮቹም ከመደበኛ ፍተሻዎቻቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚጀምሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕንጻው ውስጥ የሚከተሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል ይዩ።

*የሠራተኛ ሰሌዳ።* ቤቱ በየቀኑ፣ በየሺፍቱ መጀመሪያ የነዋሪውን ብዛት፣ የአርኤን፣ የኤልፒኤን (ከአርኤን ዝቅ ያለ ፈቃድ ያላት ነርስ) እና የሲኤንኤ ቁጥርና ሰዓት መለጠፍ አለበት። ቀኑ የዛሬ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ያካፍሉ፦ 60 ነዋሪ ለ4 ሲኤንኤ ከሆነ ለአንዷ 15 ሰው ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ሲሄዱ ደግሞ ይቁጠሩ፤ ሰሌዳው አራት ብሎ የሚያዩት ሁለት ከሆነ የቀሩት የት እንዳሉ ይጠይቁ። እረፍት ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ላይሆኑም ይችላሉ።

*የጥሪ ደወል።* ከበር በላይ መብራት ሲበራ ሰዓትዎን ይያዙ። የፌዴራሉ ደንብ የደቂቃ ቁጥር አይወስንም። ሦስት አራት መብራት ለክተው ከ15 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከተደጋገመ ግን በእኛ ግምት ያ ቤት ሰው የለውም። ገብቶ መብራቱን አጥፍቶ «እመለሳለሁ» ብሎ የሚወጣ ሠራተኛም አለ፤ መብራቱ ስለጠፋ ብቻ እርዳታ ደርሷል ብለው አይቁጠሩ።

*ገበታ።* መመገብ ያለበት ሰው ፊት ሳህኑ እየቀዘቀዘ ነው? የሚመግበው ሰው ተቀምጧል ወይስ ቆሞ ነው የሚያጎርሰው? ቆሞ ሲያጎርሱት ሰው አንገቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ያን ጊዜ የመታነቅ አደጋው ይጨምራል። በእራትና በማግስቱ ቁርስ መካከል ከ14 ሰዓት በላይ ማለፍ የለበትም። ከመኝታ በፊት የሚያጠግብ መክሰስ ከተሰጠና ነዋሪዎቹ ከተስማሙ እስከ 16 ሰዓት ይፈቀዳል።

*ክፍል።* የውኃ ኩባያ እጅ በሚደርስበት ነው? የጥሪ ገመዱስ? ጥፍር፣ ጸጉር፣ አፍ ንጹሕ ነው? ከኦክቶበር 1990 ወዲህ ፈቃድ ባገኙ ቤቶች የክፍል ሙቀት ከ71 እስከ 81 ዲግሪ ፋራናይት መሆን አለበት። ሽታ አንድ ቦታ ላይ ቢሸት አንድ ሰው አሁን መቀየር አለበት ማለት ነው፤ ኮሪደሩ ሁሉ ቢሸት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጣም የበዛ የአየር ማጣፈጫ ሽታም ያጠራጥር።

ማስጠንቀቂያ፦ ነዋሪዎችን ፎቶ አያንሱ፣ ያልተጋበዙበት ክፍል አይግቡ። የወደቀ ሰው ቢያዩ አያንሱ፣ ነርስ ይጥሩ። አንድ ነዋሪ ውኃ ስጡኝ ቢልዎትም አይስጡ። መዋጥ የሚቸገሩ ሰዎች ወፈር ያለ ፈሳሽ ብቻ እንዲጠጡ ይታዘዝላቸዋል፤ ተራ ውኃ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል።

8. ፊርማ ላይ አይቸኩሉ

ከወረቀቶቹ መካከል ወደፊት ጠብ ቢነሳ ፍርድ ቤት አልሄድም፣ በግልግል እጨርሳለሁ የሚል ስምምነት ሊኖር ይችላል። ይህን መፈረም የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም። ፈርመው ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ። ሌላው ወጥመድ ልጅን ከራሱ ገንዘብ እንዲከፍል ዋስ የሚያደርግ አንቀጽ ነው። ቤቱ ሦስተኛ ወገን ዋስ ካልሆነ አንቀበልም ማለት አይችልም። የወላጅዎን ገንዘብ የማስተዳደር ሕጋዊ ሥልጣን ካለዎት ከእሳቸው ገንዘብ ለመክፈል ይፈርማሉ፤ በራስዎ ስም ግን አይግቡ።

ወላጅዎ እንግሊዝኛ የማይችሉ ከሆነ ስለ ሕክምናቸው በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው መብታቸው ነው። «እኔ አስተረጉማለሁ» ብለው ይህን መብት አይልቀቁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሕመም ሲጀምራቸው እርስዎ እዚያ አይኖሩም። በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎት እንዳላቸውና በአማርኛ መስጠቱን ይጠይቁ።

9. ከገቡ በኋላ ቀን ይቁጠሩ

- በ48 ሰዓት ውስጥ የመነሻ የእንክብካቤ ዕቅድ ይዘጋጃል። ማጠቃለያውን ይጠይቁ።
- በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ምርመራ፤ ያ ባለቀ በ7 ቀን ውስጥ ሙሉ ዕቅድ። ስብሰባው ላይ የመገኘት መብት አለዎት፤ ቀኑ ካልተመቸዎ በስልክ ይግቡ።
- ቢያንስ በየ3 ወሩ ዕቅዱ ይከለሳል።
- ሐኪም በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት በየ30 ቀኑ፣ ከዚያ በየ60 ቀኑ ማየት አለበት።

ወደ መጀመሪያው ስብሰባ የተጻፈ ዝርዝር ይዘው ይሂዱ፦ እንዴት መጠራት እንደሚወዱ፣ ገላቸውን ወንድ ወይም ሴት ሠራተኛ ብታጥባቸው እንደሚመርጡ፣ የማይበሉት ሥጋ፣ የጾም ቀናት። ጾሙን በተለይ በዕቅዱ ላይ ያስጽፉት። በቃል ከተነገረ ሠራተኛዋ የምታየው «ረቡዕ ቁርስ አልበላችም» የሚል ብቻ ነው፤ ተደጋግሞ ሲጻፍ ምግብ እምቢ አለች ተብሎ ሌላ ምርመራ ይከፈታል። ስኳር ካለባቸው ደግሞ ጾሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ስለሚነካ ሐኪሙ ሳያውቅ መሆን የለበትም። ሥጋና ወተት በማይበላበት ቀን ፕሮቲኑ ከምስርና ከባቄላ እንዲተካ የምግብ ባለሙያዋን ይጠይቁ፤ ቁስል ያለበት ሰው ፕሮቲን ካነሰው ቁስሉ አይድንለትም።

ክብደታቸውን በየወሩ ይጠይቁና ይጻፉ። ተረከዝና የጀርባቸውን ታች በሳምንት አንድ ጊዜ ራስዎ ይዩ፣ ይንኩ።

10. ጉድለት ሲያገኙ በዚህ መንገድ ያመልክቱ

ለተራ ጉድለት ከሺፍቱ ነርስ ይጀምሩ፣ ከዚያ የነርሶች ኃላፊ፣ ከዚያ ቅሬታ ተቀባዩ ወይም አስተዳዳሪው። በጽሑፍ ያድርጉት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍል ቁጥር፣ ያዩት ነገር፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባሉ። «እናቴን ችላ ይሏታል» የሚል አቤቱታ ለመርማሪ የሚይዘው ነገር የለውም። «ማክሰኞ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ከሩብ ደወሉ በርቶ ማንም አልገባም፣ ልብሷ እርጥብ ነበር» የሚለው ግን በሠራተኛ መዝገብና በካሜራ ሊጣራ ይችላል። በአሜሪካ አቆጣጠር ሲጽፉ ሰዓቱን መቀየር አይርሱ፤ በእኛ 2 ሰዓት ተኩል ጠዋት 8፡30 ነው፣ 4 ሰዓት ከሩብ ደግሞ 10፡15። ይህ ስህተት አቤቱታን ከንቱ ያደርጋል።

ማጎሳቆል ወይም ከባድ ጉዳት ከሆነ ደረጃ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ለስቴቱ የፍተሻ መሥሪያ ቤት ይደውሉ፤ አስቸኳይ ከሆነ 911። ስም ሳይጠቅሱ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ስም ካልሰጡ ውጤቱን የሚልኩበት አድራሻ አይኖራቸውም። በየስቴቱ ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች የቆመ እንባ ጠባቂም አለ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ያለ ነዋሪው ፈቃድም ማንነቱን አያወጣም። ቤቱ የእንባ ጠባቂውንና የስቴቱን ስልክ በግልጽ መለጠፍ አለበት። ካጡት በ1-800-677-1116 ኤልደርኬር ሎኬተር ደውለው የአካባቢዎን ይጠይቁ።

ቤቱ አቤቱታ በማቅረብዎ ወላጅዎን ሊበቀል ወይም ሊያስወጣ አይችልም። ነዋሪን ለማስወጣት በሕግ የተቆጠሩ ምክንያቶች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰዎ ዕቃ ማሸግ አይጀምሩ። ይግባኝ የሚባልበት ቦታና ቀነ ገደብ ደብዳቤው ላይ መጻፍ አለበት፤ በዚያው ቀን እንባ ጠባቂው ጋ ይደውሉ።